«ባዶ ነው» የተባለ ሰልባቲዮ፦ በድሬዳዋ የአንዲት ፔጆ 404 ነዳጅ ማራገፍ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ያህል ሳትንቀሳቀስ የቆየች ፔጆ 404 የቤት መኪና ነዳጇ እንዴት እንደተራገፈ የሚመለከት ነው። ባለመኪናው መኪናዋን አስነሥተው እንደገና ሊነዱባት ፈልገው ነበር፤ ይሁን እንጂ ግቢው ውስጥ የቤንዚን ሽታ ከርሞ ነበር፣ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው አፈርም ጠቁሮ ረጥቦ ይታይ ነበር። ጉዳዩን በጽሑፍ ማስፈር ያስፈለገው፣ በሥራው ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ አደጋው ያለው በፈሳሹ ቤንዚን ላይ ነው ብለው ሲጠነቀቁ፣ ፈሳሹ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ግን እፎይ ለማለት ስለቸኮሉ ነው። ሰልባቲዮ፣ ማለትም የመኪናው የነዳጅ ጋን፣ ከሞላበት ጊዜ ይልቅ የተራገፈበት ጊዜ እንደሚያስፈራ በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ታይቷል።

መኪናዋ

ፔጆ 404 በፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሲመረት የቆየ፣ ቅርጹን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈው መኪና ነው። ሐረርን የሚያውቅ ሰው ይህን መኪና ሳያይ አይመለስም፤ በጀጎል ግንብ ዙሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታክሲን ሥራ ተሸክሞ የኖረ ነው። እዚህ የምትገለጸውም የባለመኪናው አባት በሐረር ታክሲ ሲነዱባት ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ያወረዷት ናት።

1618 ሲሲ የሆነው ሞተሯ በካርቡራቶር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅል ዕቃ) የሚሠራ ሲሆን፣ ቤንዚኑን ከኋላ ስቦ የሚያመጣለት ሞተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ይህ ዝርዝር ለጉዳያችን ትርጉም አለው። በአዳዲስ መኪኖች ሰልባቲዮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ስላለ፣ ባለሙያው የነዳጅ መስመሩን ከፊት ፈትቶ ፖምፓውን በማሠራት ነዳጁን ማስወጣት ይችላል። በዚህች መኪና ግን ሞተሩ ካልዞረ ፖምፓው አይስብም፤ ሞተሩን በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) እያዞሩ ለመሳብ መሞከር ደግሞ ቤንዚን በሚያፈስ መኪና ላይ ብልጭታ መፍጠር ይሆናል። በዚያ ላይ የነዳጅ መለኪያው ተንሳፋፊ ዝጎ በመጣበቁ ቀስቱ ባዶ ላይ ቆሞ ስለነበር፣ በሰልባቲዮው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር።

በአፍ የተሞከረው

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ነው። የባለመኪናው የእህት ልጅ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ «አቦ፣ አጎቴ፣ ለዚህ ደግሞ መካኒክ ይጠራል እንዴ?» አለና ከአትክልት ማጠጫ ቱቦ ሁለት ክንድ ያህል ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ በነዳጅ መሙያው አስገብቶ ሌላውን በአፉ ሳበው። ልጁን ሞኝ ማለት አይገባም፤ በከተማችን መሪ የጨበጠ ሁሉ ቤንዚን መቅዳት የተማረው እንዲሁ ነው። ቱቦው መጀመሪያ አየር ብቻ ሰጠው፤ ጠንከር አድርጎ ሲስብ ቤንዚኑ በአንድ ጊዜ ደረሰና ትን አለው። ሳሉ አላቋርጥ አለ። አክስቱም ወተት መርዝ ያረክሳል በሚለው የቆየ እምነት ብርጭቆ ሙሉ ወተት ይዘውለት መጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማብራራት ያስፈልጋል። በአፍ የተሳበ ቤንዚን ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በሆድ ላይ ሳይሆን በሳንባ ላይ ነው። ቤንዚን ከውሃ የቀጠነ ስለሆነ ወደ አየር ቧንቧ የገባ ጥቂት መጠን እንኳ በፍጥነት ተሰራጭቶ የሳንባን ውስጠኛ ክፍል ያቆስላል፤ ሕመሙም ወዲያው ሳይታይ ከሰዓታት በኋላ ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን የዋጠን ሰው እንዲያስታውክ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሲያስታውክ ያው ቤንዚን ሲመለስ ሁለተኛ ዕድል አግኝቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ወተቱም መርዙን አያረክስም፤ ሆድን ሞልቶ ትውከትን ይጠራል እንጂ። ወጣቱ ወተቱን ሳይጠጣ ቀርቶ ወደ ጤና ተቋም ተወሰደ፤ ስድስት ሰዓት ያህል በክትትል ቆይቶና ራጅ ተነሥቶ ሳንባው ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዕድሜ የገፋ ሰልባቲዮ ሌላም ጠንቅ አለው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በአብዛኛው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ ያቆሙት እስከ 2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ያገለገለ ሰልባቲዮ ሥሩ ላይ በተጋገረው ዝቃጭ ውስጥ የእርሳስ ቅሪት ሊኖር ስለሚችል፣ ዝቃጩን በባዶ እጅ መዳሰስም ሆነ ደርቆ ሲቦን መተንፈስ አይመከርም።

ከሰሉ የት ነው?

የተጠሩት መካኒክ በፔጆ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ግቢው ሲደርሱ መኪናዋን ከማየታቸው በፊት የጠየቁት «ከሰሉ የት ነው?» ብለው ነበር። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ከግቢው በር ውጭ፣ ከመኪናዋ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት ሴት በከሰል ምድጃ ቡና እያፈሉ ይሸጣሉ። ግቢው ደግሞ ወደ በሩ ያዘነብላል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይፈስሳል፣ በጉድጓድና በቦይ ውስጥም ይተኛል። እሳት ካገኘ ነበልባሉ በመጣበት መንገድ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ቤንዚን ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጠው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ስለሆነ፣ «ማለዳ ስለሆነ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏልና አይነድም» የሚባል ነገር የለም። ማለዳው የሚጠቅመው የትነቱን መጠን ስለሚቀንስ ብቻ ነው። በግንቦት ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲወጣና ላሜራው ሲግል፣ ያው ሰልባቲዮ ከማለዳው ይልቅ እጅግ ብዙ ትነት ይተፋል።

ባለመኪናው መኪናዋ ተጎትታ ወደ ጋራዥ እንድትሄድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። መካኒኩ አልተቀበሉትም፤ የሚያፈስ ሰልባቲዮ በመንገድ ላይ መጎተት አንድ ጥፋት ሲሆን፣ ጋራዡ ውስጥ ካለው የመሥሪያ ጉድጓድ በላይ ማቆም ደግሞ የባሰ ነው። ጉድጓዱ ከባድ የሆነውን ትነት ሰብስቦ ይይዛል፤ ሠራተኛውም የሚቆመው እዚያው ውስጥ ነው። ነፋስ የሚያገኘው የግቢው ሜዳ ከማንኛውም ጋራዥ ይሻል ነበር።

ዝግጅቱ

ሥራው ለማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ተቀጠረ። ለዚህ ከሙቀቱ ሌላ ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው ምክንያት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በግቢው በረንዳ ላይ በርጫ (የጫት መቃሚያ ስብስብ) ይያዛል፣ በርጫ ባለበትም ሲጋራ አይጠፋም። ቡና የሚያፈሉት ሴትዮ ባለመኪናው ራሳቸው ሄደው «እናቴ፣ ለዛሬ ጠዋት ብቻ ከወዲያኛው ጥግ ቢሆኑልኝ» ብለው ለምነዋቸው፣ ምድጃቸውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው ወገን አራቁት።

ባትሪው የተፈታው የነዳጅ መሙያው ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው፤ በመጀመሪያም ኔጌቲቩ። ቅደም ተከተሉ የተመረጠው ገመድ ሲነቀል የሚፈጠር ብልጭታ ትነት በሌለበት ሰዓት እንዲያልፍ ነው። ደረቅ ዱቄት ያለው የ6 ኪሎ እሳት ማጥፊያ ከሠራተኛው ጀርባ፣ ማለትም በመውጫው በኩል ተቀመጠ፤ ከመኪናዋ ሥር ቢቀመጥ እሳት በተነሣ ጊዜ ማን ሊያነሣው ይችላል? ባልዲ አሸዋም ቀረበ። ውሃ አልቀረበም፤ ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳልና።

ስለ ሞባይል ስልክ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ስልኮቹ ሁሉ ቤት ገቡ። መልካም ነው፤ ሆኖም በእኔ ግምት ከስልክ ይልቅ ትኩረት የሚያስፈልገው መካኒኮች በገመድ ስበው መኪና ሥር የሚያስገቡት የእጅ አምፖል ነው። አምፖሉ ወድቆ ሲሰበር ወይም ጠብታ ቤንዚን ሲነካው የጋለው ክሩ ለትነቱ ይጋለጣል፤ ብዙ የጋራዥ ቃጠሎም የሚነሣው በዚህ ነው። በቀን ብርሃን መሥራት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ልብስን በተመለከተ መካኒኩ የጥጥ ሸሚዝ ለብሰው ሲመጡ ወጣቱ ናይለን ጃኬቱን እንዲያወልቅ ተደርጓል፤ ናይለን ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላልና።

ማራገፉ

አንዳንድ የቆዩ መኪኖች በሰልባቲዮው ሆድ ላይ ማፍሰሻ ቡሎን አላቸው። በዚህች መኪና ሰልባቲዮ ሥር ግን ጭቃና ዝገት አንድ ላይ ደርቀው ስለተጋገሩ፣ መካኒኩ በእጃቸው ዳስሰው ከሥር እንደማይነኩት ወሰኑ። የዛገ ቡሎን በኃይል ሲጠመዘዝ ቡሎኑ ሳይሆን በዙሪያው የሳሳው ላሜራ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ያለው ቤንዚን በሙሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ይወርዳል፣ መያዣም የሚያቀርብለት ሰው አይገኝም። በመዶሻ መምታት ደግሞ ብልጭታ ነው።

ስለዚህ ከላይ እንዲሳብ ተወሰነ። የመኪናዋ የኋላ ክፍል በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ተቀመጠ፣ የፊት ጎማዎቹም ታገዱ። ከፍ ማድረጉ ያስፈለገው ፈሳሽ በቱቦ በራሱ የሚወርደው መያዣው ከፈሳሹ ወለል ዝቅ ሲል ብቻ ስለሆነ ነው። ክዳኑ ቀስ ተብሎ ሲዞር ለአፍታ ፉጨት ተሰማ፤ በውስጡ የታመቀው ትነት ሲወጣ ነው። ሁሉም ወደኋላ ብለው ነፋሱ እስኪያነሣው ጠበቁ። ከዚያ ነዳጅን የሚችል ቱቦ ገብቶ፣ በመካከሉ ባለው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ፓምፕ ተጀመረ። ጥቂት ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ ቤንዚኑ በራሱ መፍሰስ ቀጠለ። የማንም አፍ አልነካውም። በመሰርሰሪያ ወይም በውሃ መሳቢያ ሞተር መሳብ ይፈጥናል የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ሞተሮች ውስጣቸው ብልጭታ ሊያወጡ ስለሚችሉ ለቤንዚን አይሆኑም።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን ለማሳመን ያስቸገረው የመያዣው ነገር ነው። ወጣቱ ያቀረበው ቢጫውን የምግብ ዘይት ጀሪካን ነበር፤ በየቤቱ የሚገኝ፣ ቀላልና የማይሰበር ነው። ነገር ግን ቤንዚን በቱቦ ሲፈስስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ፕላስቲክ ደግሞ ያን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ስለማያሳልፍ በላዩ ይዞት ይቆያል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ደረቅ አየር ክምችቱ ይብሳል። የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚወጣው ብልጭታ በዓይን ሊታይ የማይችል ቢሆንም ትነቱን ለመለኮስ ይበቃዋል። መካኒኩ ሁለት ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካኖች አምጥተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያም መኪና በሌላ መኪና ባትሪ ለማስነሣት የሚያገለግለውን ገመድ አንዱን ምላስ ቀለሙ በተፋቀ የመኪናዋ አካል ብረት ላይ፣ ሌላውን በጀሪካኑ እጀታ ላይ አስነከሱት። ቀለም ላይ ቢነከስ ግንኙነት አይኖርም፤ ፍቆ ብረቱን ማሳየት የግድ ነው። የቱቦው ጫፍም ከጀሪካኑ አፍ ላይ ሳይንጠለጠል እስከ ሥሩ ወረደ፤ ከላይ እየተንቦራጨቀ የሚወርድ ቤንዚን ትነትም ኤሌክትሪክም ያበዛልና።

ባዶ ከተባለው ሰልባቲዮ 25 ሊትር ያህል ወጣ። አንዱም ጀሪካን ከ18 ሊትር በላይ አልተሞላም። ቤንዚን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ በሺህ አንድ ገደማ ስለሚያድግ፣ በማለዳ 20 ዲግሪ የተሞላ 20 ሊትር ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲደርስ ከሩብ ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ቦታ ካልተተወለት ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል።

ከወጣው ጥቂቱ በመስታወት ማሰሮ ተቀድቶ በጥላ ተቀመጠ። መጀመሪያ ድፍርስ ነበር፤ ሲረጋ ግን ሦስት ነገር ሆኖ ተለየ። ከላይ ቀጠን ያለ ሻይ የመሰለ ቤንዚን፣ ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ውሃ፣ ከሁሉ በታች ቀይ የዝገት ደቃቅ። ሽታውም የትኩስ ቤንዚን ሳይሆን የቫርኒሽ ዓይነት፣ የሚኮመጥጥ ነበር። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ተኖ ያልቅና የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ ይሠራል፤ ያ ሙጫ የካርቡራቶርን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ማርጀቱ ግን አለመንደድ ማለት አይደለም።

ባዶው

ሰልባቲዮው ተፈትቶ ሲወርድ ሥሩ ላይ፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ፣ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተገኘች። ሊያያት የተጠራው በያጅ ሥራውን ቀላል አድርጎ ነበር ያየው። «ጋሼ፣ ባዶ ነው እኮ፤ በውሃ እናጥበዋለን፣ የመኪና ጭስ እናስገባበታለን፣ በቃ» አለ። ከዚህ ቀደም ብዙ እንደሠራና ምንም እንዳልገጠመው ተናገረ። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። የቤንዚን ትነት የሚነደው በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። ቤንዚን ባለበት ዝግ ሰልባቲዮ ውስጥ ትነቱ ከዚህ ልክ ስለሚበልጥና አየሩ ስለሚያንስ ውስጡ አይነድም። ሲራገፍ ግን በወጣው ፈሳሽ ምትክ አየር ይገባል፤ ድብልቁም እየሳሳ ሄዶ በትክክል ወደሚፈነዳበት ልክ ይወርዳል። 50 ሊትር በሚይዝ ሰልባቲዮ ውስጥ የመጀመሪያውን 1.4 በመቶ ለመሙላት የሚበቃው ፈሳሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ያን ያህል ደግሞ በመጋጠሚያው እጥፋትና በዝገቱ ቅርፊት ሥር ሁልጊዜ ይቀራል። በውሃ ሲታጠብ አይወጣም፤ የብየዳው እሳት ሲያሞቀው ግን ይወጣል። የመኪና ጭስ የማስገባቱ ልማድም አስተማማኝ አይደለም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን እንደ ሞተሩ ሁኔታ ይለያያል፣ እያንዳንዱ ጥግ መድረሱንም የሚለካው የለም። በሰልባቲዮ ብየዳ ላይ ሕይወታቸውን የሚያጡት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ሠርተው ምንም ያልገጠማቸውም ጭምር እንጂ።

ባለመኪናው መካኒኩን ሰምተው ብየዳውን ተዉት። በሐረር የ404 አካል አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወር፣ በመካኒኩ ትውውቅ ዝገት ያልበላው ሰልባቲዮ ተገኘ። አሮጌው እስከ አፉ ድረስ ውሃ ተሞልቶ፣ አየር የሚይዝበት ባዶ ቦታ እንዳይቀር ከተደረገ በኋላ፣ ማንም እንደ በርሜል ወስዶ እንዳይጠቀምበት ወይም እንዳይበይደው በብዙ ቦታ ተበሳ።

የወጣው ቤንዚን

25 ሊትሩ የት ይድረስ የሚለው ጥያቄ ከማራገፉ የበለጠ አድካሚ ነበር። ወጣቱ ለባጃጁ ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ የማሰሮውን ሙጫና ዝገት ሲያይ ተወው። ጎረቤት ከተማዋን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንዲደፋ መከረ። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ ስለሆነ የተደፋው ነገር ጠፍቶ የሚቀር ይመስላል፤ ነገር ግን አሸዋው የደረሰበትን ሁሉ ወደ ታች ያሰርጋል፣ ድሬዳዋም የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የተቃጠለ ዘይት የሚገዛ ነጋዴ ከዘይቱ ጋር ልቀላቅለው ሲል መካኒኩ ከለከሉት፤ ቤንዚን የተቀላቀለበትን ዘይት ምንም ሳያውቅ ለማገዶ የሚጠቀም ሰው እሳት ሲለኩስ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። በመጨረሻ የራሱ የቆሻሻ ዘይት ማስወገጃ ውል ያለው አንድ ትልቅ ጋራዥ ተቀበለው። እስከዚያ ድረስ ጀሪካኖቹ «የተበላሸ ቤንዚን» ተብሎ በቀለም ተጽፎባቸው፣ ከቤቱ ርቆ በጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ወደ ጋራዡ ሲጓዙም በጀሪካን የተጫነ ቤንዚን በመንገድ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ባለመኪናው ራሳቸው አብረው ሄዱ።

ሰልባቲዮው ከተገጠመ በኋላ ከኋላ እስከ ፖምፓው ያሉት የጎማ ቱቦዎችና ፊልትሮው በሙሉ ተለወጡ፤ የደረቀ ቱቦ አዲስ ቤንዚን ሲነካው ይሰነጠቃልና። ቀጥሎ የተነሣው ችግር የአካባቢያችን ነው። ማደያዎች በጀሪካን እንዳይቀዱ ስለተከለከለ፣ ነዳጅ የሌላት መኪና ነዳጅ ለመቅዳት ራሷ ማደያ መድረስ ነበረባት። በገመድ ተጎትታ ሰልፍ ያዘች፤ ክፍያው በቴሌብር ተፈጽሞ አሥር ሊትር ብቻ ተቀዳላት፣ መካኒኩም ሰልባቲዮው ሥር እጃቸውን አስገብተው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ደረቅ ነበሩ። ሞተሩ እንዲነሣ ግን እዚያው አልፈቀዱም፤ ከማደያው ወጥታ፣ ከሰልፉም ርቃ ነበር ባትሪው የታሰረው።